የጫማ አፍንጫ

ዝናቡ እንዳባራ፣ ሸዋ በር መስጊድ ደጅ፣
ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፣ ቆሞ እንደ ወዳጅ፣
ኦካዳ ጎንበስ አለ፤ ማሰሪያውን ፈታ፣
ጭቃውን አራግፎ፣ አወለቀ በዝግታ።
ከዚያ አዞራቸው፤
አፍንጫቸው ወደ መውጫ፣ ተረከዛቸው ወደ ቤት፣
ጎን ለጎን፣ እኩል፣ እንደ ሁለት ጎረቤት።

ጫማ ጠባቂው ሙሄ ሳቀ፦
«ጋሼ፣ ሰውዬህ ሳይገባ መውጣት አማረው ወይ?»
«አብሽር» አልኩት፣ «ቆይ።»

እናቴ ገብርኤል ደጅ፣ አባቴ መስጊድ በር ላይ
ጫማ ሲያወልቁ እያየሁ አድጌ፣ ባዶ እግር ብርቄ ነው ወይ?
ማዞሩን ግን፣ ማዞሩን፣
ያየሁት ሌላ አገር ነው።

እናቴ እንደምትለው፣ ጫማ ጫማ ላይ ሲወጣ
መንገድ ነው፤ እውነቷን ነው፣ ያን ሰሞን ደብዳቤ መጣ፤
ከኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ከሽመናው ማሽን ሥር፣
ዘይት በጠጣ ጣቴ ጃፓን ገባሁ፣ ስድስት ሳምንት ልማር።

እሁድ ነበር፤ ኦካዳ ወደ ተራራ ወሰደኝ፤
ቀይ የእንጨት በር አለ፣ መዝጊያ የሌለው፤ ገረመኝ።
በመሃሉ ዘለቅሁ፣ ደረት ነፍቼ እንደ ሙሽራ፤
«መሃሉ ባለቤት አለው» አለኝ በሹክሹክታ፣ እንዳልፈራ።
ዳር ዳሩን ሄድን።

ከዚያ ውሃ። የድንጋይ ገንዳ፣ የቀርከሃ ጭልፋ።
ለውዱእ መስሎኝ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣
ክንዴን ገንዳው ውስጥ ነከርሁ፣ ለእግሬም አስቤ።
ማሰሪያዬን ልፈታ ስል አንዲት አሮጊት መጡ፤
አልተቆጡም፤ «ኤዲያ!» አላሉም፤ ዓይንም አላፈጠጡ።
ከጎኔ ቆመው ብቻ፣ እንዳይ ብለው፣ በዝግታ
ታጠቡ።

ግራ እጅ። ቀኝ እጅ። አፍ፣ በመዳፍ እንጂ በጭልፋው አይደለም፤
እንደገና ግራ። ተከተልሁ፤ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።
መጨረሻ ላይ ጭልፋውን ቀጥ አደረጉት ሽቅብ፣
የተረፈው ውሃ በእጀታው ላይ እንዲንጠባጠብ፤
የጨበጡትን አጠቡለት
ከኋላ ለሚመጣ፣ ስሙን ለማያውቁት።

የማሽኑ ትምህርት ግማሹ ጠፍቶኛል፤ ያቺ የጭልፋ እጀታ
ግን አለች፤ የሌሊት ተረኛ ስሆን ትመጣለች በዝምታ።

ውስጥ ስንደርስ አልሰገድሁም። አይሆንልኝም።
ግንባርህ ለአንዱ ብቻ ነው ብሎኛል አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና።
ኦካዳ ሁለቴ ጎነበሰ፤ ሁለቴ አጨበጨበ፤ ደግሞ ጎነበሰ፤
እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ በዳር ቆምሁ፤ ማንም አልወቀሰ።
ማክበርና ማምለክ ለካ መንታ አይደሉም፤
ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ የአንዱን ቤት አይወርስም።

ስልኬንም አውጥቼ ነበር፣ ለፋብሪካው ልጆች ላሳይ፤
አንድ ወጣት መዳፉን ገጥሞ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳይ
መልሼ ኪሴ ከተትሁት።
ለቅሶ ቤት ፎቶ ይነሣል እንዴ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁት።

ይኸው ዛሬ በተራው፣ አዲስ ማሽን ሊተክል መጥቶ፣
ዓርብ ቀን ደሴ ወጣን፣ ዳገቱን በሚኒባስ፣ ጆሯችን ተደፍኖ።
ኢማሙን አስቀድሜ ጠይቄ ነበር፤ «እንግዳ ነው፣ ይምጣ» አሉ።
«የት ልቁም?» አለ ኦካዳ፣ በካልሲው፣ ጣቱ ቀዝቅዞ፤
«ከኋላ፣ ከምሰሶው ሥር»፤ ቆመ፣ እጁን በእጁ ይዞ።
ሶላቱ እስኪያልቅ ያ ምሰሶ ሁለት ነበር።

ስንወጣ ደጁ ተናውጧል።
«ጫማዬ! እንዲህ አልነበረም ያስቀመጥሁት!»
ይላሉ ሐጂ ኑርዬ፤ «ሌባ ገብቶ ነው የነካካው!»
ቆዳው፣ ሸራው፣ በረባሶው፣ ኮንጎው፣ የሰው ሁሉ ጫማ
አፍንጫውን ወደ መንገድ አዙሮ ተሰልፏል፣ ዝናብ ሊሰማ።
ሙሄ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶ፣ «አብሽሩ፣ እኔ ነኝ» አለ፣ ፈራ ተባ እያለ።

ሐጂ ኑርዬ እያጉረመረሙ እግራቸውን ሰደዱ፤
ሳይጎነበሱ ገባ፤ ሳይዞሩ አንድ እርምጃ ሄዱ፤
ቆሙ።
ወደ ልጁ አዩ፣ ወደ እንግዳው አዩ፤ አልተናገሩ።
ኪሳቸውን ፈተሹና
አንድ ብር ጨመሩ።